የኢኮኖሚ ዜና ኮምቦልቻ ሲደርስ፦ ናፍጣን፣ መብራትንና ዶላርን በደብተር መከታተያ ዘዴ

እኔ ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት አለኝ። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ከመብራት ቆጣሪ ነው። በ2016 ክረምት አዲስ ሞተር ልገዛ ዋጋ ጠይቄ «ትንሽ ይቆይ፣ ይረክሳል» ብዬ ተመለስኩ። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሞተሩን ነገር አትጠይቁኝ።

ዜናውን እኮ ሰምቼዋለሁ። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ድርድር አለ ሲባል ወራት አልፎ ነበር። እኔ ግን ድርድሩ የእኔን ሞተር እንደሚነካ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አያያዙን ነው። ሱቅ ላለው፣ አይሱዙ ላለው፣ ቆቦ ላይ በፓምፕ ሽንኩርት ለሚያለማ፣ ደሞዝ ለሚጠብቅም ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተው፦ «ኢኮኖሚው በዚህን ያህል በመቶ አደገ» የሚለውን። ቁጥሩ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ግን የጉጂን ወርቅ፣ የጅማን ቡና፣ የአዲስ አበባን ፎቅና የደላንታን ስንዴ አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚነግረን። ወሎ ላይ የሚደርሰው ተመንዝሮ ነው፤ በናፍጣ፣ በመብራት፣ በዶላርና በብድር። ደብተሩም እነዚህን ነው የሚከታተለው።

ናፍጣ

ከሁሉም ቀድሞ ይሄ ይጻፍ። ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ ከውጭ በዶላር ገዝታ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ታስገባለች። ስለዚህ ዋጋው ላይ ሦስት ነገር ይነባበራል፤ የዓለም ገበያ፣ የዶላሩ ምንዛሬና መንግሥት የሚሸፍነው ድጎማ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ብቻ «የታለመ» ሆነ። የዓለም ዋጋ ወርዶ እዚህ ለምን እንዳልወረደ ግራ የሚገባችሁ ለዚህ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል።

ደብተሩ ላይ ሁለት ዋጋ ጻፉ። አንዱ ማደያው ላይ የተለጠፈው ነው። ሁለተኛው መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው። እኔ የበለጠ የማምነው ሁለተኛውን ነው፤ ጥቁር ገበያን ለማድነቅ አይደለም፣ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ስለሚናገር ነው። ልዩነቱ ሲጠብ ቦቴ እየገባ ነው። ሲሰፋ ወይ መንገድ ተዘግቷል፣ ወይ የዋጋ ጭማሪ ይመጣል ተብሎ አንድ ሰው በርሜል እየሞላ ነው። የማደያው ሰልፍ የት እንደደረሰም ጻፉበት። የባጃጅ ልጆች ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ ቡና ጋብዛችሁ ጠይቋቸው።

አሁን ስሌት። ናፍጣ ሲጨምር ነጋዴው ሁሉ «ናፍጣ ጨምሯል እኮ» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ስንት? ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 100 ኩንታል የጫነ መኪና በ1 ሊትር 3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 125 ሊትር ያስፈልገዋል። ናፍጣ በሊትር 10 ብር ቢጨምር በጠቅላላ ጉዞው ላይ የሚጨምረው 1,250 ብር ነው። ለ100 ኩንታል ስታካፍሉት በኩንታል 12 ብር ከ50 ሳንቲም። ባዶውን ይመለሳል ብትሉ እንኳ እጥፉን አስቡት፣ 25 ብር። ነጋዴው በኩንታል 150 ብር ከጨመረባችሁ ቀሪው ናፍጣ አይደለም። ምናልባት ስጋት ነው፣ ምናልባት ኬላ ላይ የሚከፈል ነገር ነው፣ ምናልባት ትርፍ ነው። ይህችን ስሌት ለሾፌሩም ለነጋዴውም በትህትና አሳዩ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ዋጋ አስቀንሼባታለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ተሰድቤባታለሁ።

ሌላ ልብ የሚባል ነገር፤ ጭነት ከጅቡቲ በገላፊና በሚሌ አድርጎ በባቲ በኩል ወደኛ ይወጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ደግሞ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቀን ላይ ሰላም ካልሆኑ የአዲስ አበባው ዋጋ ለኛ ምንም አይነግረንም። መንገድ የተዘጋበትን ቀን በቀይ ጻፉ። በኋላ ገልብጣችሁ ስታዩት የዋጋ ንረቱ ግማሽ ከቀይ ቀናት ቀጥሎ የመጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብሔራዊው አማካይ ይህን አያሳይም።

መብራት

እዚህ ላይ የሚያደናግረን ስሙ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች አሉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትልቁ መስመር ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ቆጣሪ ያስገባል፣ ቢል ይሰበስባል። ዜና ስትሰሙ የተናገረው የትኛው እንደሆነ ለዩ። የመጀመሪያው «ይህን ያህል ሜጋ ዋት ጨመርን» ሲል ደስ ይላል፤ ወፍጮዬ ግን የምትዞረው ሁለተኛው ሰፈሬ ውስጥ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ሲቀይር ነው።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት። ተከዜ ግድብ፣ ዋግ ሥር ያለው፣ 300 ነው፤ ልዩነቱን አስቡት። ትልቅ ነገር ነው፣ ቦንድ የገዛንበት ነው፣ ማንም አይነጥቀንም። ግን ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይነካዋል፤ ትልቁ መስመር፣ የኮምቦልቻው ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ አላማጣና ወደ ሰመራ የሚሄዱት መስመሮች፣ ከዚያ የከተማው ያረጀ ሽቦ፣ ከዚያ የበሰበሰው የእንጨት ምሰሶ። የአካባቢያችሁን ተስፋ መገመት ከፈለጋችሁ የጉባን ሜጋ ዋት ትታችሁ ጥያቄውን አጥብቡት። ማከፋፈያ ጣቢያው ሊስፋፋ ጨረታ ወጥቷል ወይ? የኮንክሪት ምሰሶ እየተተከለ ነው ወይ? ትራንስፎርመር ስንት ቀን ያስጠብቃል? ትራንስፎርመሩም፣ ገመዱም የሚመጣው በዶላር ነው፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ሞተሬ ታሪክ ተመለስን።

ደብተሩ ላይ የጠፋበትን ሰዓት ጻፉ። ስሪ ፌዝ (ለትልልቅ ሞተር የሚገባውን ባለ ሦስት መስመር መብራት) የምትጠቀሙ ከሆነ «አንድ ፌዝ ጠፋ»ንም እንደ ጠፋ ቁጠሩት፤ ሞተር የሚያቃጥለው እሱ ነው። መብራቱ የሚጠፋው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ከሆነ ፈረቃ ወይም የመስመር ጭነት ሊሆን ይችላል። ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ብቻ ከሆነ የአካባቢው ሽቦ ነው። ሁለተኛው በሕዳሴ አይድንም።

ታሪፉስ? ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ የሚል ታሪፍ ወጥቷል። ትንሽ የሚጠቀም ቤት፣ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ያለው፣ በድጎማ ዝቅ ያለውን ይከፍላል። ለኛ ለባለ ሞተሮች ግን እንዲህ አስሉት፤ 15 ኪሎ ዋት ሞተር በቀን 6 ሰዓት ቢዞር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በወር 25 ቀን ቢሠራ 2,250። ታሪፉ በኪሎ ዋት ሰዓት 1 ብር በጨመረ ቁጥር በወር 2,250 ብር ወጪ ተጨመረብኝ ማለት ነው። ጭማሪው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሲመጣ «ወይ ጉድ» ማለት ለኛ ነውር ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የወፍጮ ዋጋችሁን ስታወጡ ዛሬውኑ አስገቡት።

ባንክና ግሽበት (ባጭሩ)

ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። በ2014 ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ያኔ የጨመረው ዋጋ እዚያው ከፍታው ላይ ተቀምጧል። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ሪፖርት ሲወጣ ምግብና ምግብ ነክ ያልሆነውን ለይታችሁ እዩ፤ ወሎ ላይ የቤት ወጪ ማለት ጤፍና ማሽላ ነው፣ ሌላው ይደርሳል።

ብድር ላይ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2015 መጨረሻ ለባንኮች የብድር እድገት ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፣ መጀመሪያ 14 በመቶ፣ በኋላ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎታል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «ሰነድህ ቆንጆ ነው ግን…» ብሎ ከዘጋው ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ጣሪያው እስካለ ድረስ በዓመት የሚሰላ ስለሆነ በእኔ አስተያየት ማመልከቻ የሚገባው በጀት ዓመቱ እንደተከፈተ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ሰኔ ላይ መሄድ ሰርግ ካለቀ በኋላ መድረስ ነው።

የክልሉን ነገር ከምን እንወቅ?

ክልሉ በጀቱን ሐምሌ አካባቢ በምክር ቤት ያጸድቃል። አብዛኛው ገንዘብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ከፌዴራል የሚመጣ ድጎማ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ስትታመም ባሕር ዳር ታስነጥሳለች፣ ደሴ ትተኛለች። ጠቅላላ ድምሩን ተዉት፤ ካፒታል በጀቱን ፈልጉ፣ ማለትም መንገድ፣ ውኃና ግንባታ የሚሠራበትን። እሱ ሲያንስ የሲሚንቶና የብረት ገበያው ይቀዘቅዛል፣ የቀን ሠራተኛ ይቀንሳል፣ የእኔም ደንበኛ ከኩንታል ወደ ግማሽ ኩንታል ይወርዳል።

ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ምልክት አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ተመረቀ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ ገበያ፣ ከአጎዋ፣ በታኅሣሥ 2014 እንድትወጣ ተደረገች፤ እሱ ላይ የጦርነቱ ጉዳት ተደረበበት። ጠዋት ሠራተኛ የሚያመላልሱትን ሰርቪሶች ቁጠሩ። ወላሂ ከማንኛውም ሪፖርት ይሻላል። ሰርቪስ ሲበዛ የኪራይ ቤት ይወደዳል፣ እንጀራ ሻጮች ጤፍ በብዛት ያስፈጫሉ።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተጀመረው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ሐዲድ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር የታሰበበት ነው። ሲጀምር የናፍጣው ገጽ ይቀንሳል፣ የመብራቱ ይጨምራል። እስከዚያ ግን በሐዲድ ዜና አይሱዙ አትሽጡ።

የድንጋይ ከሰሉ ወሬ

ውጫሌ አካባቢ የድንጋይ ከሰል እንዳለ በጂኦሎጂ ጽሑፎች ላይ ከሰፈረ ቆይቷል። አሁን ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የውጭውን ከሰል በሀገር ውስጥ ተኩ ስለተባሉ ወሬው ሞቅ ብሏል። ይሄ ላይ ገንዘብ ልታስገቡ የምታስቡ ካላችሁ፣ መኪና ገዝቼ ከሰል አመላልሳለሁ የሚል አንድ ዘመዴም አለና፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ።

የሚገርመው፣ ሞተሬን ያስወደደው ዶላር ለከሰል ጥሩ ነው። የውጭው ከሰል ሲወደድ የሀገር ውስጡ ይፈለጋል። ስለዚህ «ዶላር ጨመረ» የሚለው ዜና ለወፍጮ ቤቱ መርዶ፣ ለከሰል ባለመኪናው ብሥራት ነው። የራሳችሁን ገቢ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳታውቁ ዜና አትስሙ።

ግን በአንድ ማዕድን የሚኖር አካባቢ ምን እንደሚገጥመው ከሌላው እንይ። አሜሪካ ውስጥ ዋዮሚንግ የሚባል ክፍለ ግዛት አለ፤ ከሀገሩ ሁሉ ብዙ የድንጋይ ከሰል የሚያወጣው እሱ ነው። ሕዝቡ በግል ገቢው ላይ ለክፍለ ግዛቱ ግብር አይከፍልም፤ ትልቁ ገቢ ከማዕድን የሚሰበሰብ ነበር። ከፈረንጆቹ 2008 ወዲህ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ወደ ጋዝ፣ ነፋስና ፀሐይ ሲዞሩ ምርቱ ወደ ግማሽ ወረደ። ያተረፋቸው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከማዕድኑ ቀረጥ እየቀነሱ ያስቀመጡት ፈንድ ነው። ቴክሳስ የሚባለው ክፍለ ግዛት ደግሞ በፈረንጆቹ 1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ከ10ሩ ትልልቅ ባንኮቿ 9ኙ ወይ ወደቁ ወይ በሌላ ተጠቀለሉ፤ ያበደሩት ለነዳጅ ሰው፣ ነዳጅ ሰው ለሚከራየው ፎቅና ለሚገዛው ቤት ነበራ። በፈረንጆቹ 2020 ሚያዝያ ላይማ ለአንድ ቀን የአሜሪካ ድፍድፍ ዋጋ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ገባ። ሻጩ «ውሰዱልኝ፣ ልክፈላችሁ» አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ዘመዴን የጠየቅሁት ይህን ነው፦ ከሰሉን የሚገዛህ ስንት ፋብሪካ ነው? አንድ ከሆነና እሱ ለጥገና ሁለት ወር ቢዘጋ የባንክ ክፍያህን ከየት ታመጣለህ? መኪናው ከከሰል ሌላ እህል መጫን ይችላል ወይ? ፈቃዱ የማን ነው፣ የማኅበር ነው ወይስ የኩባንያ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 ላይ የትልልቅ ማዕድን ግብርና ሮያሊቲን (ማዕድን ያወጣው ለመንግሥት የሚከፍለውን ድርሻ) ፌዴራልና ክልል በጋራ ይሰበስቡታል ይላል፤ የአነስተኛው ነገር ደግሞ በክልሉ በኩል ይሄዳል። ማንን ማናገር እንዳለባችሁ የሚወስነው ይሄ ነው። ዘመዴ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ዝም አለ። አሁን እህል ነው የሚጭነው፤ ከሰሉን በትርፍ ጊዜ ይሞክረዋል።

ደብተሩ

ሰኞ ሰኞ ጻፉ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ከቆላም ከደጋም ሰው ይገናኛል፣ ዋጋውም ወሬውም ይመጣል። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ናፍጣ በማደያና በሃይላንድ፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ የባንክ ዶላር፣ የጤፍና የሲሚንቶ ዋጋ፣ የሰርቪስ ብዛት፣ የተዘጋ መንገድ። ከግማሽ ዓመት በኋላ የትኛው የትኛውን እንደሚከተል ታያላችሁ። እኔ ዘንድ ዶላር ከተንቀሳቀሰ መለዋወጫ በሳምንት ውስጥ ይከተላል፣ ጤፍ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ኩሽኔታና ቺንጋ ቶሎ እገዛለሁ፣ ጤፍ ላይ አልጣደፍም። የእናንተ ሰፈር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መርሳና ወልድያ ያላችሁ የጻፋችሁትን ብታወዳድሩልኝ ደስ ይለኛል።

ሞተሩን በመጨረሻ ገዛሁት። ስንት እንደፈጀ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። አሁን መብራት መጣ፣ ሴቶቹ ማዳበሪያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፣ ልሂድ።