የሚነቃነቅ የዋንዛ ወንበር መጠገን፣ ከተረፈው ጨርቅ ደግሞ ቦርሳ መስፋት

ጎንደር አራዳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ ያገለገለ ወንበር ሲገዙ ዓይንዎ ቀለሙ ላይ አይረፍ። የተላላጠ ቀለምና የላላ መጋጠሚያ ይታደሳሉ፤ ነቀዝ የበላው እግር ግን አይታደስም። ወንበሩን ገልብጠው እግሮቹን መታ መታ ያድርጉ። ከትንንሽ ቀዳዳዎች አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ ገና በሕይወት አለ፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። ቀጥሎ ደልዳላ ወለል ላይ አቁመው መደገፊያውን በሰያፍ ይግፉት፣ የሚነቃነቀውንም ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

እንጨት በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። በነሐሴ ጥብቅ የመሰለ ወንበር በታኅሣሥ ሊላላ የሚችለው ለዚህ ነው። ኮላ ለመቀባትም ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል።

የላላ መጋጠሚያ ላይ ሚስማር አይምቱ። ሚስማሩ ለጊዜው ይይዛል እንጂ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ቀዳዳውን እያሰፋ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ደህናው መንገድ ማላቀቅ ነው። መዶሻው እንጨቱን እንዳያቆስል ቁራጭ እንጨት አስደግፈው በቀስታ ይምቱ፤ ሲገጥሙ እንዳይምታታ ክፍሎቹን ቁጥር ይስጧቸው። ከዚያ አሮጌውን ኮላ ከምላሱም (ቀዳዳው ውስጥ ከሚገባው ጫፍ) ከቀዳዳውም በመሮና በቢላ ፍቀው ያንሱ፤ ባዶው እንጨት መታየት አለበት። ነጭ ኮላ የሚይዘው እንጨት ውስጥ ሰርጎ ስለሆነ በደረቀ ኮላ ላይ ቢቀቡት መልሶ ይላቀቃል። ጥገናዎች ደጋግመው የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው።

ኮላ ሳይቀቡ አንዴ ገጥመው ይሞክሩት። ምላሱ ከቀዳዳው ከጠበበ ስስ የእንጨት ልጣጭ ለጥፈውበት በልኩ ይሞርዱት። ሰጋቱራን በኮላ ለውሶ መሙላት ለትንሽ ስንጥቅ ይበጃል፣ ክብደት ለሚሸከም መጋጠሚያ ግን አይሆንም። ከዚያ በሁለቱም ወገን ስስ ኮላ ቀብተው ይግጠሙ። ሞርሳ ከሌለዎት የብስክሌት ከመነዳሪ በቁመቱ ቀደው እግሮቹን ዙሪያውን ጥብቅ አድርገው ይጠምጥሙበት። ተርፎ የወጣውን ኮላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከደረቀ ቦታው ቫርኒሽ አይቀበልም። ኮላው ሳይጨብጥ አራቱም እግሮች መሬት መንካታቸውን ይዩ። ለ24 ሰዓት ማንም አይቀመጥበት።

ብርጭቆ ወረቀቱ ከቁጥር 80 ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 220 ይሄዳል፤ ሁልጊዜም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ። መሀለኛውን ቢዘሉ የ80ው ጭረት ቫርኒሽ ሲያርፍበት ፍንትው ብሎ ይወጣል። አሮጌ የዘይት ቀለም ካለበት በደረቁ አይፈግፍጉ፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ውኃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ይሥሩ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን አያስጠጉ።

ዋንዛ ከሆነ እባክዎ በቀለም አይሸፍኑት፤ ያ ቡናማ መልኩ ሲደበቅ ያሳዝናል። የመጀመሪያውን ቫርኒሽ አራት እጅ ለአንድ እጅ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) አቅጥነው ይቀቡ፣ ከዚያ ሁለቴ ሳያቀጥኑ ይድገሙ። በየመካከሉ 24 ሰዓት አድርቀው በቁጥር 320 ዳሰስ ያድርጉትና አቧራውን ይጥረጉ። ዝናብ ባለበት ቀን አይቀቡ፤ ሳይደርቅ እየተጣበቀ ይቆያል። የምግብ ዘይትም ለጊዜው ያብረቀርቃል እንጂ አቧራ ይሰበስባል።

ለመቀመጫው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ ይበቃል። አሮጌውን ትኋን ሊኖርበት ስለሚችል ደጅ አውጥተው ይጣሉ። ወርዱ 1.40 ሜትር ከሆነ ወፍራም ጨርቅ 1 ሜትር ይግዙ፤ መቀመጫው 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ቢወስድ የቀረው ለአንድ ቦርሳ ይተርፋል። ሲወጥሩት ከአራቱ ጎኖች መሀል ይጀምሩና ፊት ለፊት እያፈራረቁ ወደ ማዕዘን ይሂዱ፤ ከአንድ ጥግ ከጀመሩ ጨርቁ ይጣመማል።

ለቦርሳው 42 በ42 የሆነ ሁለት ቁራጭ፣ ለማንገቻ 10 በ75 የሆነ ሁለት ቁራጭ ይቁረጡ። ለገበሩ አቡጀዴ በዚያው ልክ ይበቃል፤ አስቀድመው አጥበው ይተኩሱት፣ አለበለዚያ በኋላ ሲታጠብ ገበሩ ብቻ ይኮማተራል። ማንገቻውን አራት እጥፍ አድርገው 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ይስፉት።

ቦርሳ የሚበጠሰው ማንገቻው ሥር ነው። ጫፉን ከላይኛው ጠርዝ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች አውርደው፣ ከጎን 11 ገባ አድርገው፣ በስተጀርባ ቁራጭ ጨርቅ አስደግፈው በአራት ማዕዘን ይስፉትና መሀሉን በመስቀለኛ ያጠናክሩት። የላይኛውን 3 ሳንቲ ሜትር ሳይሰፉ ይተዉት፣ ለጠርዙ ስፌት ቦታ ያስፈልጋል። መርፌ ቁጥር 16፣ የፖሊስተር ክር፣ ስፌቱ 3 ሚሊ ሜትር። ጨርቁ የተደራረበበት ላይ የስፌት መኪናውን ጎማ በእጅ ያዙሩ፤ በፔዳል ቢጫኑት መርፌው ይሰበራል።

ጎኖቹንና ታችኛውን 1 ሳንቲ ሜትር ትተው ይስፉ። ማዕዘኑን የጎኑ ስፌት ከታችኛው ጋር እንዲገጥም አጥፈው ከጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ አቋርጠው ሲሰፉት 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወለል ይወጣል። ገበሩንም እንዲሁ ያድርጉ፣ ታችኛው ስፌቱ ላይ ግን 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ። መልካም ገጾቻቸውን አገናኝተው አንዱን በሌላው ውስጥ ይክተቱ፣ ማንገቻዎቹን ወደ ውስጥ አውርደው ጠርዙን ዙሪያውን ይስፉ፣ በክፍቱ በኩል ይገልብጡ። ክፍቱን ከመዝጋትዎ በፊት አምስት ኪሎ ድንች ጭነው በማንገቻው ያንሱት፤ ክሩ የተሳበበት ቦታ ካለ በዚያው ክፍት እጅዎን አስገብተው ይድገሙትና ይዝጉት።