የፖርሺያን የችሎት ንግግር ለመድረክ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

በሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» አራተኛ ገቢር ውስጥ የሚገኘውን፣ የሕግ ዐዋቂ ወንድ መስላ በችሎት የምትቆመውን የፖርሺያን የምሕረት ንግግር የምታጠና ተዋናይት፣ ቃላቱን ከመሸምደዷ በፊት የአበዳሪውን የሻይሎክን ጥያቄ ደጋግማ ታንብብ። ሻይሎክ ዕዳው በጊዜው ስላልተከፈለው፣ በውሉ መሠረት ከነጋዴው አንቶንዮ አካል አንድ ፓውንድ ሥጋ ልቁረጥ ብሎ ችሎት ቀርቧል። ሻይሎክ ምሕረት እንዲያደርግ ሲነገረው «ምን አስገድዶኝ?» ይላል፤ «ምሕረት በግዴታ አይሆንም፣ ከሰማይ እንደሚወርድ ለስላሳ ዝናብ ነው» የሚለው ዝነኛ መስመር ለዚሁ የተሰጠ መልስ ስለሆነ፣ ወደ ተመልካቹ ሳይሆን ወደ ሻይሎክ ዞሮ፣ ድምፅን ሳያጎሉ መናገር ይገባል። ብዙዎች እንደ ስብከት ያነበንቡታል፤ ያን ጊዜ ችሎቱ ይጠፋል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው፣ ሻይሎክ የተሳለ ቢላዋውን ይዞ ወደ አንቶንዮ ሲቀርብ ከፖርሺያ የሚሰማው «ጥቂት ቆይ፤ ሌላም ነገር አለ» የሚለው አጭር ቃል ነው። ከ«ቆይ» በኋላ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ያህል ዝም ብሎ፣ ውሉ አንድ ፓውንድ ሥጋ እንጂ አንዲት ጠብታ ደም እንደማይፈቅድ የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር ከሰነድ እንደሚያነብ ዳኛ በእርጋታ ማስከተል ያስፈልጋል።