ጎዳና የሚያድርን ሰው መረጃ ስንለዋወጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለንደን ውስጥ ጎዳና የሚያድሩ ሰዎችን የሚረዱ ድርጅቶች «ቼይን» የሚባል የጋራ መዝገብ አላቸው። ሌሊት የሚዞረው ሠራተኛ ያየውን ሰው እዚያ ይመዘግባል። ሰውየውም ለየድርጅቱ ታሪኩን ከሀ ከመጀመር ይድናል። መዝገቡ ጥሩ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከምንሞላው ሰዎች ነው።

ሐበሻ ሲሆን ስህተቱ ከስም ይጀምራል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ግን «ሰርኔም» ይላል። አንዱ የአባቱን ስም ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። ፀሐይ የምትባል ሴት በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ትጻፋለች። የልደት ዘመን በእኛ አቆጣጠር ተነግሮ እንዳለ ከገባ ደግሞ ሰውየው በአንድ ሌሊት ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል! እንዲህ እያለ አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። አንዱ ፋይል ስኳር አለበት ይላል፣ ሌላው ወሬውም የለው። ስሙን እስከ አያት ይጠይቁ፣ መታወቂያ ካለው እንደተጻፈው ይገልብጡ፣ ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያጣሩ።

ሌላው «እዚህ ጋ ፈርም» ማለት ነው። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ለትኩስ ሻይ ሲል ያገኘውን ይፈርማል። መረጃው ለማን እንደሚሄድ፣ ምኑ፣ ለምን እንደሚሄድ በሚገባው ቋንቋ ይንገሩት። እምቢ ካለም ሻይው አይቅርበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማይጠበቅ ቃል መግባት ነው። ሰውየው የእንግሊዝን የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚይዘውን መሥሪያ ቤት ፈርቶ «ሆም ኦፊስ ያየዋል?» ብሎ ሲጠይቅ «ኧረ ማንም አያየው!» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ጎዳና ላይ እየዞሩ የሚረዱ አንዳንድ ቡድኖች ከኢሚግሬሽን መኮንኖች ጋር አብረው የወጡበት ጊዜ ነበር። ሆም ኦፊስ ጎዳና ያደሩ የአውሮፓ ዜጎችን ያባርርበት የነበረውን መመሪያም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2017 ሕገ ወጥ ብሎታል። ስለዚህ ድርጅትዎ ምን እንደሚያስተላልፍ አስቀድመው ይወቁ። ካላወቁ «አጣርቼ እነግርሃለሁ» ይበሉ።

ተቃራኒውም አለ። ሰው ራሱን ሊያጠፋ ነው፣ ወይም በረዶ ላይ ወድቋል፤ ሠራተኛው ግን የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉን ጠቅሶ «ጂዲፒአር አይፈቅድም» ብሎ ዝም ይላል። ይፈቅዳል። ሕይወት ለማዳን የሚያስፈልገውን ያህል መናገር ሕጉ አይከለክልም።

አስተርጓሚ ሲመርጡም ይጠንቀቁ። የለንደን ሐበሻ ብዙ ይመስላል እንጂ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ላይ ይተዋወቃል፤ ዛሬ የተተረጎመው እሑድ ቡና ላይ ሊወራ ይችላል። ሰውየው አስተርጓሚውን ሲያይ አንገቱን ከደፋ ቃለ መጠይቁን ያቁሙና ሌላ ከተማ ያለ አስተርጓሚ በስልክ ያስገቡ።