ንጹሕ ነው ወይስ ቆሻሻ? በሆኪ ግጭት ክርክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቶሮንቶ ክረምቱ ረጅም ነው። በኳስ ያደገ ሰውም ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ክረምት ላይ ሳይወድ በግዱ የበረዶ ላይ ሆኪ ማየት ይጀምራል። እኔም የገባሁበት እንደዚያ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ፐኳ፣ ማለትም በዱላ የሚመቷት ጠፍጣፋ ጎማ፣ የት እንዳለች እንኳ አይታየኝም ነበር። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ሌላውን በትከሻው ሲያነሣው ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ይነሣል። ግማሹ «ንጹሕ ነው!» ይላል፤ ሕጉ የሚፈቅደው ግጭት ነው ማለቱ ነው። ግማሹ «ቆሻሻ ነው!»። ከዚያ ወዲያ ጨዋታውን የሚያይ የለም።

በዚህ ክርክር ብዙ ሻይ አቀዝቅዣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ስለ ሕጉ ያወራል፣ ሌላው ስለ ጉዳቱ፣ ሦስተኛው ስለ ገጪው ጠባይ። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር የሚጨቃጨቁ ይመስላቸዋል። ከታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ መደባለቅ የመጡ ናቸው። የማወራው ስለ ሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ ስለ ኤን ኤች ኤል ነው፤ ዓመቶቹም የፈረንጆቹ ናቸው።

ከቃሬዛው መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰው በረዶ ላይ ተዘርሮ ሲቀር ዓይናችን ከእሱ ላይ አይነሣም። ቃሬዛ ከገባማ ፍርዱ አለቀ፤ ገጪው ወንጀለኛ ነው። ተገጪው ብድግ ብሎ ከሄደ ደግሞ የባሰው ግጭት እንኳ «ምንም አልሆነም እኮ» ተብሎ ይታለፋል።

ማርች 2011 ሞንትሪያል ውስጥ የሆነውን እንውሰድ። የቦስተኑ ዜዴኖ ቻራ የሞንትሪያሉን ማክስ ፓቾሬቲን ከአጥሩ ጋር እያጣበቀ ገፋው። ቻራ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ነው፤ የሚገፋ ሰው አይደለም፣ ግድግዳ ነው። ሁለቱ ቡድኖች በሚቀመጡባቸው ወንበሮች መካከል መስታወቱ የሚጀምርበት ምሰሶ አለ። የፓቾሬቲ ጭንቅላት እሱን ገጨ። የአንገቱ አጥንት ተሰነጠቀ፣ አንጎሉም ተናወጠ። ፖሊስ ሳይቀር ምርመራ ከፈተ። ዳኞቹ ቻራን ከጨዋታው አስወጡት። ሊጉ ግን አንድም ጨዋታ አላገደውም።

ሞንትሪያል በቁጣ ነደደች። ግን ነገሩን ነጣጥላችሁ እዩት። ጥፋት ነበር? አዎ። ፐኳ አልፋ ሄዳለች፤ ፐክ የሌለውን ሰው መግጨት ጥፋት ነው፣ ዳኞቹም የቀጡት በዚሁ ነው። ጉዳቱ ከባድ ነበር? ምን ጥያቄ አለው። ቻራ አንገት ሊሰብር አስቦ ነበር? ያው ግፊያ ትንሽ ወዲህ ቢሆን ኖሮ ፓቾሬቲ ከመስታወቱ ጋር ተላትሞ፣ ተሳድቦ ይሄድ ነበር። ነገሩን ያከበደው ምሰሶው ነው። ሊጉም በቀጣዩ የውድድር ዘመን እዚያ ቦታ ላይ ጠመዝመዝ ያለ መስታወት አስገባ። ፓቾሬቲ ደግሞ ተመልሶ በዚያው ዘመን 33 ጎል አገባ።

ጉዳት ምንም ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። ሊጉ እግድ ሲወስን ጉዳቱን ይቆጥራል። የሚቆጥረው ግን «ስንት ጨዋታ?» ለሚለው ነው። «ጥፋት ነው ወይ?» የሚለው ከዚያ በፊት መመለስ አለበት።

«ዳኛው አልነፋም» ማለት

ዳኛው የሚያየው አንዴ ነው፣ ከአንድ ጎን፣ በዚያ ፍጥነት። እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን አሥር ጊዜ እናያለን። ማርች 2021 የዋሽንግተኑ ቶም ዊልሰን የቦስተኑን ብራንደን ካርሎን ጥግ ላይ ከአጥሩ ጋር አላተመው። ፊሽካ የለም፣ የሁለት ደቂቃ ቅጣት የለም፣ ምንም የለም። ካርሎ በአምቡላንስ ሄደ። ዊልሰን በማግስቱ 7 ጨዋታ ታገደ።

ይህንን የሚወስነው ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው የተጫዋቾች ደኅንነት ክፍል ነው። መጀመሪያ የመራው ብሬንደን ሻናሃን ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ የያዘው ጆርጅ ፓሮስ ነው። ፓሮስ በተጫዋችነቱ ዘመን በድብድብ የሚታወቅ ሰው ነበር። በዚህ ቀልድ የማይቀልድ የሆኪ ተመልካች አላገኘሁም። ክፍሉ ሲያግድ ምክንያቱን በቪዲዮ ያብራራል። ለክርክር የሚሆን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፤ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከሜዳ መውጣትና መታገድ ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ናቸው። ቻራ ወጣ፣ አልታገደም። ዊልሰን አልወጣም፣ ታገደ።

«ጭንቅላቱን ነክቷል፣ አለቀ!»

አላለቀም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ለዓመታት ተሳስቻለሁ።

በሊጉ ሕግ መጽሐፍ ስለ ጭንቅላት የሚናገረው አንቀጽ 48 ነው። ሁለት ነገር አብረው እንዲገኙ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ግጭቱ በዋናነት ያረፈው ጭንቅላት ላይ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ጭንቅላቱን አለመንካት ይቻል የነበረ መሆን አለበት። ትከሻው ደረት ላይ አርፎ፣ ከዚያ ተንሸራቶ አገጭ ቢነካ የመጀመሪያው አልተሟላም። ተገጪው በመጨረሻዋ ቅጽበት ዝቅ ብሎ ጭንቅላቱን ራሱ መንገድ ላይ ቢያስገባው ሁለተኛው ያጠራጥራል። ገጪው ግን በመጥፎ ማዕዘን ከመጣ፣ ሰዓቱን ከሳተ፣ ወይም ሳያስፈልግ ወደ ላይ ከተመዘዘ ዕዳው የራሱ ነው።

ዲሴምበር 2021 ቺካጎ ውስጥ የኒውዮርክ ሬንጀርሱ ጄከብ ትሩባ የቺካጎውን ጁጃር ካይራን ሲገጨው ያየ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ካይራ እግሩ ሥር ያለችውን ፐክ ሊይዝ ጎንበስ ብሎ ነበር። ወደቀ፣ አልተንቀሳቀሰም፣ በቃሬዛ ወጣ፣ ሆስፒታል ሄደ። ዳኞቹ አልቀጡም፤ ሊጉም አላገደም። ቪዲዮውን ሳየው ሆዴ አሁንም ይገለባበጣል። ግን አንቀጹን በእጄ ይዤ ሳየው ቅጣት አላገኝበትም። ይሄ ሕግ ይበቃል ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ጥሩ ክርክርም ነው። እኔ በበኩሌ አይበቃም እላለሁ። ሕጉ እንዲጠብቅ መፈለግና ትሩባ ሕግ ጣሰ ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

«አንገቱን ማን ድፋ አለው?»

ይህችን የሚወዷት የድሮ ሰዎች ናቸው። ካናዳ ውስጥ ልጅ ገና በረዶ ላይ መቆም ሲጀምር የሚሰማት ምክር ናት፦ ቀና በል። ምክርነቷ ጥሩ ነው። ችግሩ እንደ ፍርድ ስትጠቀስ ነው።

ሜይ 2000 የፊላደልፊያው ኤሪክ ሊንድሮስ በሰባተኛው ወሳኝ ጨዋታ ፐክ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ተጋጣሚ ክልል የሚያስገባውን ሰማያዊ መስመር ተሻገረ። የኒው ጀርዚው ስኮት ስቲቨንስ ጠብቆት ነበር። ትከሻው አገጩ ላይ አረፈ። ሊንድሮስ ከአንጎል መናወጥ ድኖ ከተመለሰ ገና ሁለተኛ ጨዋታው ነበር። ለፊላደልፊያ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ቅጣት አልነበረም፤ በጊዜው ሕግ ሊኖርም አይችልም ነበር። ኒው ጀርዚ በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ወሰደ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት በሁለት አቅጣጫ ይሠራል። አንዱ ወገን ስቲቨንስን በዛሬ ሕግ ይከስሰዋል። ሌላው ወገን «ስቲቨንስ ያኔ አልተቀጣም» ብሎ የዛሬውን ገጪ ነጻ ያወጣል። በመካከል ግን ሕጉ ተለውጧል። የለወጠውም ማርች 2010 ፒትስበርግ ውስጥ የሆነው ነው። ማት ኩክ የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድን ካላየው ጎን መጥቶ ጭንቅላቱን መታው። ሊጉ ኩክን የሚያግድበት አንቀጽ አጣ። በዚያው ወር፣ የውድድሩ ዘመን ሳያልቅ፣ ከጎንና ሳይታሰብ የሚመጣ የጭንቅላት ግጭትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ2011 ደግሞ «ከጎን» የሚለው ተነሣና ሕጉ ሰፋ። ሳቫርድ በ2011 መጀመሪያ ድጋሚ ተጎድቶ በዚያው ከጨዋታ ወጣ፤ ሕጉ ለእሱ ዘግይቶበታል።

ስለዚህ አንገት መድፋት ዛሬም በሕጉ ውስጥ ይታያል፣ ግን ከብዙዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ሆኖ ነው። ከኋላ የማልያውን ቁጥር እያየህ የምትገፋውን ሰው «ቀና ማለት ነበረበት» አይባልም።

የቆመ ፎቶ ይዞ መምጣት

«እየው፣ ሁለቱም እግሩ አየር ላይ ነው!» ፎቶው እውነት ነው። ግን ፎቶው የተነሣው መቼ ነው? ሁለት ትላልቅ ሰዎች፣ አንዳንዴ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ሲጋጩ ጉልበቱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል። ከነካው በኋላ መነሣት የግጭቱ ውጤት ነው። ሊነካው ሲል መዝለል ነው ጥፋቱ። ይህንን የሚለየው ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ነው።

ቀስ ተደርጎ የሚታየው ቪዲዮም ያታልላል። ሁሉም ግጭት የታሰበበት ይመስላል፤ ገጪው ሻይ ጠጥቶ ተነሥቶ የመጣ ይመስላል። ቀስ ያለውን ትከሻው የት እንዳረፈ ለማየት ተጠቀሙበት። ጊዜ ነበረው ወይ የሚለውን ግን በእውነተኛው ፍጥነት እዩት።

እግረ መንገዴን፣ «ከሦስት እርምጃ በላይ ተንደርድሯል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። የሊጉ ሕግ ስለ ተጓዘው ርቀት ያወራል እንጂ እርምጃ አይቆጥርም።

ሰዓቱን መርሳት

ግጭቱ ፊት ለፊት፣ በትከሻ፣ ክርን ሳይወጣ ሊሆን ይችላል። ግን ዘግይቶ ከሆነስ? ፐኳን መጨረሻ የነካ ሰው ወዲያው ከሆነ ሊገጭ ይችላል። «ወዲያው» የምትለው ቃል ናት ነገር የምታመጣው።

በ2011 ፍጻሜ ሦስተኛ ጨዋታ የቫንኩቨሩ አሮን ሮም የቦስተኑን ኔይታን ሆርተንን ገጨ። ሆርተን ፐኳን አቀብሎ ወዴት እንደሄደች እያየ ነበር። ሮም 4 ጨዋታ ታገደ፤ የፍጻሜው ተከታታይ ጨዋታ ለሱ በዚያው አለቀ። ያኔ «ትከሻ ለትከሻ ነው እኮ!» ብለው የጮሁ ነበሩ። ቅርጹ ንጹሕ ነበር፣ ሰዓቱ ቆሻሻ።

በስሙ መፍረድ

ራፊ ቶረስ የሚለውን ስም ሲሰማ ገና ግጭቱን ሳያይ የሚፈርድ ሰው አለ። ምክንያት የለውም አይባልም። ቶረስ በ2012 በማሪያን ሆሳ ላይ በፈጸመው 25 ጨዋታ ታግዶ በይግባኝ ወደ 21 ወረደለት። በ2015 ደግሞ 41 ጨዋታ ታገደ፣ ግማሽ የውድድር ዘመን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሊጉ አልተጫወተም። ግን ይኸው ቶረስ በ2011 ብሬንት ሲብሩክን ከጎሉ ጀርባ ሲገጨው ሊጉ በሕጉ መሠረት አይታገድም አለ። የቀድሞ ጥፋት እግዱን ያረዝማል፤ ያልተጣሰ ሕግ ግን አይጥስም።

ድብድቡን እንደ ማስረጃ መቁጠር

እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን ያደግን ነን። እዚህ ይቆጣሉ። ካይራ ወድቆ ሳለ ወዲያው አንድ የቺካጎ ተጫዋች ትሩባን ለድብድብ ጠርቶታል። ጓደኛ ሲወድቅ መነሣት የቡድን ወግ ነው፣ ንጹሕ ግጭትም ላይ ይደረጋል። ጓንት ጥለው ስለተደባደቡ ብቻ ግጭቱ ቆሻሻ አይሆንም።

ሕጎችን ማደባለቅ

አጭር ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በጭንቅላት ጉዳይ ከኤን ኤች ኤል ጠበቅ ያለ ነው። ለልጆች ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው፤ አሜሪካ በ2011 በሰውነት መግጨት የሚፈቀድበትን ዕድሜ ከ11 ወደ 13 ከፍ አድርጋለች፣ ካናዳም በ2013 ተከትላለች። ልጃችሁን ሆኪ ያስገባችሁ ወላጆች ከቴሌቪዥን ያያችሁትን ይዛችሁ ከልጆች ዳኛ ጋር አትጣሉ።

ማልያውን ማየት

ይህንን በምክር ማዳን አይቻልም። አንድ ጓደኛዬ ላይ ሞክሬዋለሁ። የአንድ ግጭት ቪዲዮ ስልኬ ላይ ቀለሙን አጥፍቼ፣ ጥቁርና ነጭ አድርጌ አሳየሁት። ሦስቴ አየው። «ቆሻሻ ነው» አለኝ። «ከኋላ መጣ፣ ቁጥሩን እያየ ገፋው። ቢያንስ 5 ጨዋታ።» ቀለሙን መለስኩለት። ገጪው የሱ ቡድን ልጅ ነው። ትንሽ ዝም አለና ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ልጁ እኮ መጨረሻ ላይ ዞሮበታል።»