ለረጅም መንገድ ሞተር ጎማና ሞላ ስትመርጡ

እንደ ያማሃ ኤፍጄአር1300 ያለ ለፍጥነትም ለረጅም ጉዞም የተሠራ ሞተር ካላችሁ መጀመሪያ ጎማውን እዩ። አሞርዛተሩ ይቆይ። ጎማው አልቆ እያለ ውድ አሞርዛተር መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ልኩ ከፊት 120/70፣ ከኋላ 180/55፣ ሁለቱም 17 ኢንች ነው። ሰፊ ያምራል ብላችሁ ከኋላ ስፋቱ 190 ሚሊ ሜትር የሆነ አታስገቡ፣ ሞተሩ ለመታጠፍ ይከብዳችኋል። እኔ የምመርጠው መሀሉ ጠንካራ፣ ጎንና ጎኑ ለስለስ ያለውን ነው፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ቶሎ አያልቅም፣ ስትታጠፉ ደግሞ አስፋልቱን ይይዛል። ጎሚስታው ከመግጠሙ በፊት ጎኑ ላይ ያሉትን 4 ቁጥሮች አንብቡ፤ 1224 ካለ በ2024 እ.ኤ.አ. በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

አሁን ወደ ሞላው። ሻንጣውንም ሰውንም እንደምትጓዙት ጭናችሁ፣ ሞተሩ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከነበረበት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ለኩ፤ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ፕሪሎዱን (ሞላውን አስቀድሞ የሚጫነውን ማስተካከያ) እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁም ከዚያ በላይ ከወረደ ሞላው ለክብደታችሁ ልል ስለሆነ ጠንከር ያለ ግዙ፤ ፕሪሎድ ከፍታውን እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይቀይርም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የፊት አሞርዛተሩ ዘይት ለዓመታት ካልተቀየረ ደግሞ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አስቀይሩ።