ፋይዳ ሲያወጡ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች

በፋይዳ (በብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው) ጉዳይ ኋላ ራስ ምታት የሚሆነው ስልክ ቁጥሩ ነው። የሚያስመዘግቡት በራስዎ ስም የወጣና እጅዎ ላይ ያለ ሲም ይሁን። ባንክም ሆነ ሌላ ተቋም ማንነትዎን ሲያጣራ የአንድ ጊዜ ኮዱ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ነው። የአሠሪዎን ወይም ቅጽ የሞላልዎትን ደላላ ቁጥር ካስገቡ በእርስዎ ፈንታ «አዎ» የሚለው እሱ ይሆናል። ቁጥር የሚቀይሩ ከሆነም አሮጌው መስመር ሳይዘጋ መዝገቡን ያስቀይሩ።

ምዝገባው ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለካርድ ሕትመት ነው። የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለቱም ዓይን አይሪስ (የዓይን ባለቀለሙ ክፍል) ምስልና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ብሔርና ሃይማኖት አይመዘገቡም። ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ያለው ምስክር ይዞ መመዝገብ ስለሚችል፣ «ቀበሌ መታወቂያ ከሌለህ ተመለስ» ከተባሉ በምስክር እንዲመዘግቡዎ ይጠይቁ። በጉልበት ሥራ አሻራው የተፋቀ ሰው እጁን ታጥቦ በደንብ ያድርቅ፤ መሣሪያውን አጥብቆ መጫን መስመሮቹን ስለሚያጠፋቸው ይብስበታል።

መዝጋቢው ከመላኩ በፊት ስክሪኑን ያሳይዎት። የእርስዎ፣ የአባትና የአያት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከፓስፖርትዎ ወይም ከባንክ ደብተርዎ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አንዲት ፊደል ብትለይ ባንኩ ሊመልስዎት ይችላል። የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየርም ብዙ ሰው ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል (ድንበሩ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል)። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 1985 በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 ነው። 7 ብቻ ጨምሮ 1992 የሚጽፍ መዝጋቢ አይጠፋም።

ሁለት ቁጥር ይኖርዎታል። ባለ 12 አኃዙ ዋናው ስለሆነ ለማንም አይስጡ፤ ለአገልግሎት በእሱ ምትክ የተዘጋጀው ባለ 16 አኃዙ ነው። ካርዱ ሲታተም ባለ 16ቱ ከፊት፣ ባለ 12ቱ ከስልክና ከአድራሻዎ ጋር ከጀርባ ይወጣል። ስለዚህ ፎቶ ላኩ ሲሉዎት ፊቱን ብቻ ይላኩ። «በቴሌግራም ካርድ እናሳምራለን» ለሚል ሰው ቁጥሩንና ኮዱን አብሮ መስጠት ቤትን ከነቁልፉ እንደማስረከብ ነው።

በፋይዳ ወደ አንድ አገልግሎት ሲገቡ ከኮዱ በኋላ ተቋሙ የሚጠይቃቸው መረጃዎች ተዘርዝረው ይመጣሉ። ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። ግዴታ ያልሆኑትን እዚያው ማጥፋት ይቻላል።

ስህተት ካገኙ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። መጀመሪያ ለመዘገበዎ ወይም መረጃውን ለያዘው ተቋም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቀኑን ጽፈው፣ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ያስመቱ። መልስ ካጡ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ እዚያ ሲሄዱ ያቺን ማኅተም ያረፈባትን ቅጂ ይዘው ይሂዱ።