ለቤተሰብ ብራኬት የሚሆን ነጥብ አሰጣጥ

ዘንድሮ የማርች ማድነስን (የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፍ ውድድር) ብራኬት፣ ማለትም በየግጥሚያው ማን እንደሚያሸንፍ የሚገመትበትን ሰንጠረዥ፣ በቤተሰብ ልትሞሉ ካሰባችሁ፣ ከሁሉ በፊት ነጥብ አሰጣጡ ላይ ተነጋገሩ። ብዙ ድረ ገጾች በየዙሩ ነጥቡን እጥፍ ያደርጉታል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። በዚህ ስሌት ዋንጫ የሚያነሳውን ያወቀ ሰው በአንድ ግጥሚያ ብቻ 32 ነጥብ ያፍሳል። የመጀመሪያው ዙር 32 ግጥሚያዎች ተደምረው የሚያስገኙት ያንኑ ያህል ነው። ልጆቹ በጊዜ ተስፋ ቆርጠው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ።

ለቤተሰብ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 በጣም ይሻላል። ጉርሻም ጨምሩበት። ቡድኖቹ ከውድድሩ በፊት ከ1ኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ዝቅ ያለ ደረጃ የተሰጠው ቡድን ካሸነፈ፣ የሁለቱ ደረጃ ልዩነት ለገመተው ሰው ይታሰብለት። 12ኛው 5ኛውን ቢጥል 7 ተጨማሪ ነጥብ ማለት ነው። ይሄ ደግሞ በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ መድፈር ያዋጣል። 16ኛው 1ኛውን ማሸነፉ ግን ብርቅ ነው። በወንዶቹ ውድድር እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ዩኤምቢሲ ቨርጂኒያን፣ በ2023 ፌርሊ ዲኪንሰን ፐርዱን ጥለዋል። ይህን የገመተ ልጅ 15ቱ ነጥብ ይገባዋል!

እኩል የወጡትን ለመለየት፣ በፍጻሜው ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ ስንት ነጥብ እንደሚያስቆጥሩ ሁሉም አስቀድሞ ይጻፍ። አያት ካሉ አትተዋቸው፤ የቡድኖቹን ስምና ደረጃ በስልክ አንብቡላቸውና የመረጡትን ሙሉላቸው። ሐሙስ የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይጀመር ወረቀቱ ሁሉ ይሰብሰብ። ገንዘብ አታስይዙ፤ ያሸነፈ የእሁዱን ምሳ ይምረጥ።